የቀለበት ልክ

ሃፕሳሉ፣ ባሕሩ በረዶ ለብሶ፣ ሰማዩ ሳይነጋ፣
ሰባት ቁጥርን ከፈትኩ፤ ላይዳ ነቅታ ትጠብቃለች፣ ጀርባዋን ደግፋ ባልጋ።
«እንዴት አደርሽ?» አልላትም፤
ከጣቶቿ አነበዋለሁ፣ ካፏ አልጠብቅም።

ጠዋት ለእርሷ ዘግይቶ ነው የሚመጣ፤
ጎረቤቷ ቁርሱን በልቶ፣ ጫማውን አስሮ ሲወጣ
የእርሷ እጅ ገና እንደ ዛገ ማጠፊያ
ይንቋቋል፤ የለውም መዘርጊያ።
ለብ ያለ ውሃ በሳፋ አመጣለሁ፤
ጣቶቿን አንድ በአንድ እንደ እንቁላል እይዛለሁ፤
አልጎትትም። አላጣድፍም።
መገጣጠሚያ ቁጣ አይወድም።

«ኡርቬ፣ የመድኃኒቱን ክዳን ማነው እንዲህ ያጠበቀው?»
ክዳኑ ልል ነው፤ ማታ እኔ ነኝ ያላላሁት። ዝም አልኩ፤ ይኼን ለምን ትወቀው።
«ረቡዕ» ብዬ በትልቁ ጻፍኩበት፤ ረቡዕ ብቻ፣ በየቀኑ አይደለም፤
መድኃኒት ቀኑን ከሳተ መድኃኒት አይደለም።

ሃምሳ ዓመት ሻርፕ ሠርታለች፣ ስስ ነጭ፣ እንደ ጉም የሳሳ፤
ትከሻ ላይ ጣል ቢያደርጉት፣ ትከሻው ራሱ የሚረሳ።
የሥራው መፈተኛ አንድ ነው፤ ሻርፑ ከጫፍ እስከ ጫፍ
በሙሽራ ቀለበት ቀዳዳ ተስቦ ማለፍ።

ዛሬ ቀለበቱ ጣቷን አነቀው፤
ጫፉ ጠቆረ። ሳሙና ቀባሁ፣ ክር ጠመጠምኩ፤ እምቢ አለ፣ አልለቀቀው።
መቁረጫውን አመጣሁ፣ ትንሹን፣ ጥርሱ እንደ ዓሣ የደቀቀ።
«የካልዮ ነው» አለች። «ባሕር ከወሰደው አርባ ክረምት አለቀ።
እንግዲህ ቁረጪው፣ አትፍሪ፤
እጅሽ ይሥራ፣ ወሬውን ኋላ አውሪ።»

ሲበጠስ ጢቅ አለ፤ ጣቷ ተነፈሰ፤
ነጭ ጎድጓዳ መስመር ቀረ፣ ደም ቀስ እያለ ተመለሰ።
«አሁን» አለች እየሳቀች፣ «ሻርፑ በምን ይለካል?»
እኔ ምን ልበል? ይኼ ከተማርኩት ውስጥ ይጎድላል።

ሻርፑን ከመሳቢያ አስወጣችኝ፤ «ነይ፣ ቁሚ ከፊቴ፤
አውራ ጣትና ጠቋሚሽን ግጠሚ፤ አንቺ ነሽ ዛሬ ቀለበቴ።»

አለፈ፤ እንደ ውሃ አለፈ፣ እስከ እኩሌታ።
ከዚያ ያዘው አንድ ረድፍ፣ ቋጠሮው የበረታ።
«ያቺ ዓመት ናት፣ ሕመሙ የጀመረኝ፤
ክሩ ነው ብዬ ነጋዴውን ተጣላሁ፤ ለካ ጣቴ ነው የከዳኝ።»

አልጎተትኩም። አላጣደፍኩም።
ጣቴን ትንሽ አላላሁ፤ አየችኝ፤ ምንም አላለችም።
የክዳኑንም ታውቅ ይሆን?
አልጠየቅኳትም።

ተረኛዋ ስትመጣ መዝገቡ ላይ አሰፈርኩ፦
«ቀለበት ተቆርጧል። የጣቱ ቀለም ደህና። ሕመም፦ ከአሥር አራት።»
ስለ ሻርፑ የሚጻፍበት
ቅጹ ላይ ቦታ የለበት።