ጥቁር መጋረጃ

ታምፔሬ ላይ ሌሊት፣ በረዶው ሲያካፋ፣
ባንዱ ዕቃውን ጫነ፣ የመድረክ መብራት ጠፋ።
ኦስካሪ ግን ቀረ፣ ከንፈሩን አጥቁሮ፣
ከጽዳቷ ቱሊኪ ባልዲ ጎን ተገትሮ።

«ሰማሽው ግጥሙን? ‹ፀሐይን ዝጊልኝ፣
ከጠባቧ ሣጥን ከጎንሽ አስተኚኝ፣
የእጄን ውርጭ ሁሉ በአንገትሽ ጠጪልኝ።›
ሬሳ ነው የሚያፈቅራት፤ መቃብር ነው ቤቱ፤
ደሟን ነው የሚሻው፤ ይሄ ነው እውነቱ።»

ጨርቋን ጠመዘዘች።
«እኔስ ባሌን ሰማሁ፣
ቬይኮን። ስንት ዓመት እንደሆነ መቁጠር ተውሁ፤
ከወረቀት ፋብሪካ፣ ሌሊቱ ሲነጋ፣
ገብቶ ውርጭ እጁን አንገቴ ሥር ሲያስጠጋ።
በሰኔ እኛ አገር ፀሐይ እንቅልፍ የላት፤
ጥቁር መጋረጃ መስኮቱ ላይ ሰቀልኩባት።
አልጋችን ሣጥን ነው፣ ለሁለት የማይበቃ፤
ትንፋሹን ስቆጥር እኔ፣ እሱ እስኪነቃ።
ይህ እሹሩሩ ነው፣ ልጄ። ደም የለበትም።»

«ዛሬስ ይመጣል?» አላት።
«ፈረቃው ረዘመ።
ሰባት ዓመት ሆነው፤ ጨርቁ እዚያው ከረመ።»

ኩሉ ጉንጩን ወርሶ ልጁ ዝም እንዳለ፣
«እግርህን አንሣልኝ፤ እድፍ እዚያ ሥር አለ።»