የመሮው ባለቤት

መጻሕፍት እጠርዛለሁ፣ ፔዳ፣ ምድር ቤት፤
ትናንት አንድ የጀርመን ጥራዝ መጣልኝ፣ ክሩ የተበጠሰበት፤
ገልጬ ሳበቃ አንድ ተኩላ ወጣ፣
ሕፃን የነከሰ፣ ዓይኑ ፈጦ የነጣ።
ራሱ የአውሬ ነው። ዝቅ ብዬ እግሩን ሳየው
ተረከዙ የሰው፣ ንቃቃቱም የሰው።

አባቴ ቢያድግልኝ የሽምብጥ ቀጥቃጭ ነው፤
ቀን ማረሻ ያሠራ፣ «እጅህ ይባረክ» ያለው፣
ሲመሽ ልጁን በጋቢ ከዓይኑ የሚሰውረው።
አንድ ክረምት፣ ከድልድዩ ማዶ፣
ጅብ ታየ አሉ፣ ጉትቻ ያለው።
እናቴ የዚያኑ ለት ጉትቻዋን አወለቀች፤
እስክትሞት መልሳ አላደረገች።

ስዕሉን በጣቴ ዳሰስኩት፤
ጸጉሩ፣ ጥርሱ፣ ምላሱ፣
እንጨት ነው፣ ስል መሮ የሄደበት።
ያን መሮ ማን ቀጠቀጠው፣ በዚያ ዘመን፣ በዚያ አገር?
እሱንስ ሲመሽ ጊዜ ምን ይሉት ነበር?

ጣና ሲጨልም ክሩን ሰም አስነካሁ።
ወስፌው የአባቴ ሥራ ነው፤ እጀታው ላይ አውራ ጣቱ አለ።
ተኩላውን ከነሕፃኑ ሰፋሁት፤
ተረከዙን ብቻ እንዳይወጋው
ገጹን ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ ገፋ አደረግሁት።