ለአንድ ዓመት ሕያው

ኅዳር ሲገባ የባንኩ ደጅ በሽማግሌ ይሞላል፤
ያልሞተ ሁሉ፣ አለመሞቱን ሊያስመሰክር ይኮለኮላል።
እኔ መስኮት ሦስት ነኝ፤ ስም አለኝ፣ ማንም አይጠራው፤
ከመስታወት ወዲህ ሻይ፣ ከመስታወት ወዲያ ተራራው።

ጎሪ ወንዝን ተሻግራ፣ በሌሊት ወጥታ ከቤቷ፣
ባቹሊ ዴቪ መጣች፣ ሰነዷ ታስሮ በመቀነቷ።
የላስቲክ ጫማዋን ጭቃ በደረጃው ጠርዝ ጠርጋ፣
«የኩንደን እናት ነኝ» አለች፣ ድምጿን ረጋ አድርጋ።
ሌላ ስም አትፈልግም፤ ፋይሉም የሚያውቃት በዚያው፤
በበረዶው ግንባር፣ ጥይት ሳይሆን ናዳ የበላው
ያላገባ ወታደር፣ ዕድሜ ሃያ ሁለት፤
የጡረታው ወራሽ፦ እናት።

«አውራ ጣትሽን እዚህ» አልኳት። አረንጓዴው መብራት በራ፤
ማሽኑ አሰበ፣ አሰበና፣ በቀይ ጻፈ፦ «የለም አሻራ።»
ሌባ ጣቷን ሞከርኩ፣ የቀለበቷን፣ ትንሿን፣
በመሐረቤ ጠራርጌ፣ በቅባት አሽቼ እጇን፤
አሥሩንም አንድ ባንድ፣ እንደ ልጅ እየቆጠርኩላት፤
አሥሩንም ማሽኑ ካዳት።

ምን ያድርግ? አርባ ዓመት ማጭድ ጨብጣ ያጨደች፣
ከገደል ሣር የታገለች፣ ድንጋይ ፈልጣ የካበች፤
መስመሩን ከጣቷ ላይ ሥራ እንደ ጎርፍ አጠበው፤
የእርከን ማሳ ነበረ፣ ሜዳ ነው አሁን የቀረው።

«እንግዲህ ሞቻለሁ ማለት ነው?» አለች፣ ሳቅ እያላት፤
ከኋላ የቆመ ሃምሳ አለቃ ጉሮሮውን ጠረገላት።
«ማሽኑ ነው» አልኩ። «ማሽኑ ነው» ማለት ሥራዬ ነው ዘንድሮ፤
«አለቃዬ ነው» እንል ነበር፣ ሰው ሲወቀስ፣ ድሮ።

«ሳጥኑን ሲያስረክቡኝ ግን ያዘ፤ ያኔ ማሽን አልነበረ፤
ተጫኚ አሉኝ፣ ተጫንኩ፤ ታተመ፣ ቀረ።
ልጅ የሚወለደው ለመጦር ነው፣ ይላል ሰው፤
የኔን ጦር ወሰደው።
አሁን መንግሥት ‹በልጅሽ ፈንታ ልጡርሽ› ብሎኝ ሲያበቃ፣
ምን ዓይነት ልጅ ነው እናቱን በጣቷ የሚያጣራት?
ልጅ እናቱን በጨለማ፣ በሳሏ ነው የሚለያት።»

ከኋላ ክፍል ገባሁ። አይጥ ከበላው ቁም ሣጥን
የአሥራ አራት ዓመት አቧራ አራግፌ አነበብኩ፦
አስከሬን አንድ፣ ሻንጣ አንድ፣
የእጅ ሰዓት አንድ (የቆመ)፣
ያልተላከ ደብዳቤ ሁለት፤
ተረክቤያለሁ።
ከሥሩ ሐምራዊ አውራ ጣት፤
ክብ በክብ፣ ጥርት ያለ፣ አንድ መስመር ያልጎደለው።
ማሽኑ የሚፈልጋት ያቺን ናት፤ ይቺን አይደለም።
ያቺ ሴት ደግሞ ከዚያ ፊርማ ማግስት ጀምሮ የለችም።

ደንቡ አንድ ቀዳዳ አለው፤ አንቀጽ ዘጠኝ፣ ንዑስ ሐ፤
ጣት እምቢ ካለ፣ ሹም በዓይኑ አይቶ ይመስክር።
ሹሙ ለሠርግ ቆላ ወርዷል፤ እስከ ሰኞ አይመለስም።
ዛሬ ሐሙስ ነው። መንገዷ የስድስት ሰዓት ዳገት ነው።
ደመናውም ከፓንቹሊ ጫፍ ተነስቷል።
ማኅተሙ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ቁልፉ እኔ ጋ ነው።
(የበላይ አካል ይህን ካነበበ፣ አላነበብኩም ይበል።)

«ባቹሊ ዴቪ፣ የወታደር ኩንደን እናት፣ በዛሬው ዕለት
በፊቴ ቆማ አይቻታለሁ፤ ትተነፍሳለች፤ ሕያው ናት።»

«ለስንት ጊዜ?» አለች።
«ለአንድ ዓመት።»

«ለአንድ ዓመት ሕያው!» ብላ ሳቀች፤ ሁለት ጥርስ ነው የቀራት፣
«ሞት ከዚያ በፊት ከመጣ፣ ወረቀቱን ነው የማሳየው፤
ቀኑ ገና ነው ልበለው።»

ብሩን ሁለቴ ቆጠረች፦ የቆርቆሮ፣ የመድኃኒት፣ የዱቤ፤
የተረፈችውን ለብቻ ቋጠረች፤ ለምን እንደሆነ አልነገረችኝም።
ቀለሙ እንዳይፈስ ወረቀቱን እፍ፣ እፍ አለችበት፤
ብርድ ነው፤ ትንፋሿ መስታወቴን ጉም አለበሰበት።

ጉሙ እስኪጠፋ ቆየሁ።
ከዚያ ጠራሁ፦ «ቀጣይ።»