የቦኖው ቁልፍ

ከአቃቂ ድልድይ ማዶ፣ ከጨርቃ ጨርቁ አጥር ሥር፣
አንድ ሽማግሌ አለ፣ ውኃ የሚቸረችር።
በርጩማው ላይ ተቀምጦ፣ ጀሪካን ሲሰለፍ፣
በሰማያዊ ቢክ፣ ደብተር ላይ የሚጽፍ።
ቢጫው የነብርቅነሽ፣ ነጩ የነወርቂቱ፤
«ያንቺ ሁለት ነበር፣ ከየት መጣ ሦስቱ?»
ሰልፍ ሲያይ ፊቱ ይፈታል። ድሮም ሰልፍ ይወዳል።
የዛሬ ልጅ ምን ያውቃል፤ የኔ ትከሻ ግን ያውቃል፤
የጓድ ወዬሳን ድምፅ ማጉያ፣ ከነባትሪው ተሸክሞ፣
ከቃሊቲ እስከ ገላን፣ ስንቴ ሄዷል ከሱ ቀድሞ።

ፊት ቀለም ነካሪ ነበር፤ ከገንዳው አፍ የማይጠፋ፣
እስከ ክርኑ ሰማያዊ፣ ወዬሳ ጎንፋ።
ሠርግ ቤት አስታጣቢዋ፣ ማንቆርቆሪያው ቢያልቅባት፣
«ቆዳህንም ነክረሃል እንዴ?» ብላ፣ ሳቋ አመለጣት።
ያን ለት ነው የማለው ይላሉ።
የለም፣ አድማው ላይ ነው የሚሉም አሉ።
እኔ አልነበርኩም።

ስድሳ ሰባት መጣ። ከሾላው ሥር ጠረጴዛ ዘርግቶ፣
አባቴን፣ የሰው ጭሰኛውን፣ በሙሉ ስሙ ጠርቶ፣
ወረቀት ሰጠው፤ ማኅተሙ ገና እርጥብ ነው።
አባቴ ፊደል አያውቅም፤ ገልብጦ ያዘው።
አቃናለት። በኦሮምኛ፣ ቀስ እያለ አነበበለት።
አባቴ አለቀሰ። ይህም ይጻፍለት።

ቀበሌ፣ ከፍተኛ፣ አውራጃ፤ ወንበሩ እየከበደ፣
ሰማያዊው ከክንዱ ተነሥቶ፣ ወደ ኮቱ ሄደ፤
አራት ኪስ፣ ደረት ላይ ዓርማ። ሞስኮ ስድስት ወር ከርሞ
ሲመለስ፣ እጁ እንደ ጥጥ ነጥቶ፣ ቋንቋውም ረዝሞ፤
«ከዓላማ አኳያ»፣ «በተጨባጭ ሁኔታው መሠረት»...
እናቴ ጠየቀችኝ፣ «ምን አለ?» እኔስ ምን ልበላት።

ቦኖዋንም ያስገባት እሱ ነው፤ ቱቦ ለምኖ፣ ደጅ ጠንቶ።
ሪባኑ ሲቆረጥ ቀይ ጭቃ ወጣ፣ ጫማው ላይ ተረጭቶ።
«ይጠራል!» አለ በድምፅ ማጉያው።
ጠራ።

ግን ሌላ ደብተር ነበረው፣ ኪሱ ውስጥ የሚውል፤
ስም፣ ዕድሜ፣ ቁመት። «ኮታችን ሠላሳ ሁለት፤ አንድ ይጎድላል።»
ወንድሜ ደቻሳ፣ ከወፍጮ ቤት፣ ቅንድቡ ዱቄት ለብሶ
ይመጣ ነበር። መኪናው ቆመ። ጆንያው ከጫንቃው ወርዶ ፈስሶ
አስፋልቱ ዳር ቀረ፤ ዶሮ ሲለቅመው ዋለ።
ማጉያው ትከሻዬ ላይ ነበር፤ «የእናት አገር ጥሪ!» አለ።
ባትሪውን አልነቀልኩም።
ማታ ከሕብረት ሱቅ፣ ለሸክሜ ዋጋ፣ ግማሽ ኪሎ ስኳር ተሰጠኝ፤
ይዤው ገባሁ። እናቴ ተቀበለችኝ፤ አንድ ቃል አልተናገረችኝ።
እንደታሰረ፣ ሁለት ክረምት ተቀምጦ፣ ድንጋይ ሆነ።

ግንቦት ሰማንያ ሦስት። ከጽሕፈት ቤቱ ጓሮ ጭስ፤
ዶሴው ሲነድ፣ ዐመዱ፣ የተሰጣ ልብሳችን ላይ ሲነሰነስ፣
እናቴ አራገፈችው፤ ደግማ አጠበች፣ ዝም ብላ።
ዘጠኝ ዓመት ታሰረ። ሚስቱ በሦስተኛው ሰበታ ገባች፣ ሌላ አግብታ።
ሲፈታ፣ ሰላም የሚለው ሰው አጣ፤ ዋለ ከሾላው ጥላ።
ቀበሌው ቁልፉን የሰጠው፣ አዝኖለት አይምሰላችሁ፤
ቦኖዋ አመለኛ ናት፤ መገጣጠሚያዋን በእርግጫ ካልመታችሁ
አትወርድም። የቱ ጋ እንደምትረገጥ እሱ ብቻ ያውቃል።

እናቴ ትመጣለች፣ ማክሰኞ ማክሰኞ፣ በአንድ ጀሪካን።
ይሞላላታል። አይጽፋትም። ሳንቲሟንም አይነካም።
ትናንት ግን አልሄደችም፤ ቆመች፣ ጀሪካኗን ምድር አኑራ፤
«ጻፈኝ እንጂ» አለችው፤ «የስንቱን ልጅ ጽፈህ የለም ወይ፣ በተራ?»
ደብተሩን ገለጠ። ቢኩ እንቢ አለ። ጠቀጠቀው፤ ነቀነቀው፤
አፈሰሰ። አውራ ጣቱን፣ ከዚያ መዳፉን፣ ሰማያዊ አጥለቀለቀው።
ከቦኖዋ ሥር ያሸዋል፣ ያሸዋል፤ ውኃው እየወረደ።
ሰልፉ ቆሟል።
«ኧረ ዝጋው፣» አለች አንዷ ከኋላ፣ «ውኃው በከንቱ ሄደ።»