የመሐላው ጉድጓድ

ከሌሊቱ ዘጠኝ። ቤርሳቤህ ተኝታለች፣
ከበረሃው ማዶ ብርድ ተበድራለች።
ፅኑ ሕሙማን ክፍል ግን አይተኛም እሱ፤
አሥራ ሁለት ደረት ሲወድቁ ሲነሡ
በተውሶ ሳምባ፣ በማሽን ምሕረት፣
የስልኩን እጀታ፣ የአልጋውን ብረት
በጥጥ እያበስሁ፣ ብልቃጥ እየዘጋሁ፣
ዓይን ያላየውን ስቆጥር ሌሊቱን አነጋሁ።

በጥር አቶ ሞሪስ፣ ጡረተኛ ሾፌር፣
ልቡ ተጠግኖ ሲቀልድ የነበር፣
ሊወጣ ሁለት ቀን ሲቀረው ጋለ ሰውነቱ፤
በአራተኛው ሌሊት አበቃ ስምሪቱ።
በየካቲት ሳልማ፣ ከራሃት የመጣች፣
አምስት ልጆቿን ለአማቷ አደራ የሰጠች።
ያው ጀርም፣ ያው ጠባይ፣ መድኃኒት የናቀ፤
ስምንት ዓይነት ሞከርን፣ በስምንቱም ሳቀ።
በመጋቢት ሦስተኛው። እሱን አልጽፈውም።
እናቱ ከሊፍቱ አጠገብ እስካሁን አልተነሣችም።

ስብሰባ ተጠራ። "እጅ ነው" አሉ፣ "እጅ!
ያልታጠበ እጅ ነው ያስገባው ከደጅ።"
ዓይን ሁሉ መስታወቱን አልፎ ወደ ስንዱ፣
ጋሪዋን እየገፋች ወደምታልፈው።
ማንም ስም አልጠራም፤ ሁሉም ግን ፈረዱ።

አባቴን አሰብሁት። ወገራ ሳለ፣
ከገበያ ሲመለስ፣ ወንዝ ወርዶ ሳይነከር፣
ሌሊትም ቢሆን፣ ቤቱ አይገባም ነበር።
"አትንኩኝ" ብሎ ስም አወጣለት አገር።
ያ ስድብ ዛሬ እዚህ፣ ከሳሙናው በላይ፣
በአራት ቋንቋ ታትሞ ተለጥፏል፣ ሁሉ እንዲያይ፤
"ታጥበህ ንካኝ" ይላል። እንታጠባለን።
በክርናችን ቧንቧ ከፍተን፣ ጣት በጣት ፈትገን፣
እንታጠባለን፣ ቆዳችን እስኪሰነጠቅ፤
ትኩሳቱ ግን እምቢ አለ ሰባት ቁጥርን ሊለቅ።

ስንዱ ናት የነገረችኝ፣ መወልወያዋን አቁማ፦
"ያ የሰባት ቁጥሩ መታጠቢያ፣ ስሚኝማ፣
ቶሎ አይውጥም ውሃ። ይሸተኛል፣ ጣፋጭ ሽታ።
የተረፈ ግሉኮስ ይደፉበታል ማታ ማታ፣
ሻይም፣ ወተትም። እኔን ግን ማን ጠየቀኝ?"
ማንም። እኔም ጭምር።

በመፍቻ አስፈታሁት። ቧንቧው ከሚታጠፍበት
ልጋግ ተኝቷል፤ ግራጫ፣ የጠገበ፣ የሞላበት።
ውሃው በተከፈተ ቁጥር ጠብታው ዘልሎ
ከቁስል ማሸጊያው ትሪ ያርፍ ኖሯል ቀስ ብሎ።
በሦስተኛው ቀን የጀርሙ ፊደል ሲነበብልኝ፣
ከሞሪስ ደም ጋር፣ ከሳልማ ደም ጋር፣
ከዚያ ካልጻፍሁት ልጅ ደም ጋር ቤት መታልኝ።
እንዲህ ያለ ግጥም ዳግም አይግጠመኝ።

አብርሃም በዚህ ምድር ሰባት በግ ለየ፣
"ጉድጓዱን የቆፈርሁት እኔ ነኝ" እያለ።
እኔም ሰባት ጥጥ ደረደርሁ ከአለቆቼ ፊት፦
ይህንን የቆፈርነው ሁላችን ነን፣ በየሌሊት።
ጉዱ ከጓዳ ወጣ፤ ጉድ የሆነው ጓድ፣
ንጹሕ ነን ብለን እጃችንን የሰጠነው ጉድጓድ።

መታጠቢያው ተነቀለ። ግድግዳው ተለሰነ።
ሚያዝያ አለፈ፣ ግንቦትም፤ ሰንጠረዤ ዜሮ ሆነ።
በጽሑፌ ግርጌ "ስንዱ ታከለ" ብዬ ጻፍሁ፤
"የጽዳት ሠራተኛ ይበቃል" አሉ፤
እንደገና፣ ከነአባቷ አሰፈርሁ።
ይቅርታ የጠየቃት ግን የለም።
ጋሪዋ አንድ ጎማው ያለቅሳል፤ ዘይት የሚያጠጣው የለም።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ ያልመዘገብሁት።
በጥር፣ የሞሪስን የአንገት ቱቦ ከመንካቴ በፊት፣
እንደ ደንቡ ታጠብሁ። አርባ ሰከንድ። ከዚያው ቧንቧ።
እጄን አየና ሳቀ፦
"አርባ ዓመት ከስንቱ መዳፍ ሳንቲም ስቀበል፣
እንዲህ የጸዳ እጅ" አለኝ፣ "አይቼ አላውቅም።"