የጥር ጭነት

ካልጋሪ ማለዳ፣ ጥር አሥራ ስምንት፣
ጣራው ያንጠበጥባል እንደ ነሐሴ ሌሊት።
ደመናው በምዕራብ ቅስት ሠርቶ ቆሟል፣
ከቅስቱ ሥር ሰማይ እንደ ኩሬ ጠርቷል፤
ከተራራው ወርዶ ደረቁ ሙቅ ነፋስ
የሳምንቱን በረዶ ሲያባብል፣ ሲያስለቅስ፣
ሰው ካፖርቱን ጥሎ በሸሚዝ ይሄዳል፣
ጎረቤቴ ብስክሌት ከጋራዥ ያወጣል።
«ቺኑክ ነው» ይላሉ። ራስ ምታት ያለበት
መጋረጃ ዘግቶ ይተኛል ባለበት።

እኔ ከቫኑ ውስጥ ብርድ ልብስ አንጥፌ
እመላለሳለሁ አበባ አቅፌ።
የሚስቁም አሉ፦ «በዚህ ሙቀት ብርድ ልብስ?»
ዝም እላቸዋለሁ፤ ኤድመንተን እስክደርስ
ሦስት ሰዓት ቢሆን ነው፣ ቀጥ ያለ ነው መንገዱ፣
አንድ ክፍለ ሀገር ነው፤ ሁለት ነው ግን ብርዱ።

ሽማግሌው ኦስታፕ፣ የሰባ ዘጠኝ ሰው፣
ጥር በመጣ ቁጥር ቱሊፕ ለእህቱ የሚልከው፣
በአንድ የካቲት ጠዋት መኪናው እምቢ ቢለው
ባትሪውን ረግሞ ነው ከዚያ የተሰደደው።
ካርዱን ሲጽፍ አየሁ፣ እጁ እየራደ፦
«ዳርያ፣ እዚህ ጸደይ ነው፤ በረዶውም ሄደ።
አርባ ዓመት ለመንኩሽ። ዘንድሮ እንኳ ነይ።
ያንቺ ከተማማ መች ያውቃል ፀሐይ?»

የዳሽቦርዱ ስምንት ኦልድስ ላይ ሦስት ሆነ፤
ሬድ ዲር ላይ ዜሮ፣ መስኮቱ ባመዳይ ተሸፈነ።
ከዚያ ከቁጥሩ ፊት አንዲት ሰረዝ መጣች፣
እንደ በር ጠባቂ ውሻ ተጋደመች፤
ከሷ ወዲያ ሒሳብ ተገልብጦ ያድራል፣
ቁጥሩ በጨመረ ሙቀቱ ይቀንሳል።
ፖኖካ አሥር።
ሌዱክ ሃያ ሁለት።
ማሞቂያውን ብለቀው ቱሊፑ ይፈነዳል፣
ብዘጋው ደግሞ አገዳው መስታወት ይሆናል፤
ስለዚህ በአራት ዲግሪ፣ ጃኬቴን ቆልፌ፣
ሳልሞቅ ሳልቀዘቅዝ፣ እንደ አበባው ሆኜ ነዳሁ።

ሃያ ስድስት። ከነሰረዟ ጋር።
ጭሱ ከየጣራው ቀጥ ብሎ እንደ ክር፣
መኪኖች በአፍንጫቸው ገመድ ገብቶላቸው
እንደ በቅሎ ታስረው ከየግድግዳቸው።
ፀሐይ አለች፣ ደማቅ፤ ወረቀት ላይ እንዳለ
የሥዕል ፀሐይ እንጂ እጅ የሚያሞቅ የለ።
ከቫን እስከ ደጃፏ አሥራ ሁለት እርምጃ።
ለአበባ ይህም ሩቅ አገር ነው፤
ከካፖርቴ ሥር ደረቴ ላይ ለጥፌ ሮጥኩ።

ዳርያ ካርዱን አይታ ሳቀች፦ «ጸደይ ነው? ውሸታም!
ያ ነፋስ ዛፍ ቀስቅሶ፣ እንቡጥ አስወጥቶም፣
ሐሙስ ጥሎት ይሄዳል፣ ዓርብ ቁር ይለበልበዋል።
የኛ ብርድ ክፉ ነው፤ ግን ቃሉን ይጠብቃል።
ኅዳር የገባ በረዶ እስከ መጋቢት አይወጣም፣
የፖም ዛፌም ይተኛል፤ በማንም አይታለልም።»

ከዚያ መነጽሯን ከፍ፣ ካርዱን ወደ መስኮቱ።
ሳቋ ቆመ።
ፊደላቱን አንድ በአንድ በጣቷ ተከተለች።
«‹ነይ› ያለበት ተንቀጥቅጧል» አለች፣
«ሙቅ አገር ተቀምጦ፣ እጁ ምን ሆኖ ነው?»
ቱሊፖቹን አየሁ እንጂ አልመለስኩም።

ጓዳ ገብታ ወጣች፣ የፖም ማርማላታ በጠርሙስ ይዛ፤
ክዳኑ ላይ ጻፈች፣ በማይናወጥ እጅ፦
«ከማይታለለው ዛፍ።»
የመልስ ጭነት ዋጋ አልነገርኳትም።

ስመለስ ቁጥሩ ረገበ፤ ሃያ፣ ከዚያ አሥራ አራት፣
ሬድ ዲር ላይ ውሻዋ ትነሣ ይሆናል ብዬ ጠበቅኩ።
አልተነሣችም።
ካልጋሪ ስገባ ነፋሱ የለም፣
የጠዋቱ ኩሬ መንገዱ ላይ ደርቆ ያብረቀርቃል፣
ብስክሌቱ አጥር ተደግፎ ውጭ አድሮ ሊቀር ነው።
ዘጠኝ ይላል ዳሽቦርዱ፤ ፊቱ ሰረዝ።
ጠርሙሱን ከብርድ ልብሱ ፈትቼ
የኦስታፕን በር አንኳኳሁ።
ሲከፍት በሸሚዝ ነበር።