ከወለል በታች

ሥራዬ በሆዴ መሳብ ነው፣ በክርኔ፣
ባትሪ ግንባሬ ላይ፣ አቧራ በዓይኔ።
ቤት ሳይሸጥ በፊት ከወለሉ ሥር ገብቼ
ምስጡን፣ ስንጥቁን፣ ርጥበቱን አይቼ
ለገዢው እጽፋለሁ ያየሁትን ሁሉ፤
ከዚያ የነሱ ጣጣ፣ ቢሸሹ ቢከጅሉ።

ረቡዕ የተላክሁት ወደ አሥራ ሰባት ቁጥር፣
ከባሕሩ ሦስት መንገድ፣ ከትምህርት ቤቱ አጥር፣
ጥዶቹ በነፋስ ባንድ ጎን ካዘሙበት፣
ሣሩ በየቅዳሜው ከሚታጨድበት፣
የአንዱ ልጅ ብስክሌት በሌላው ደጅ ወድቆ
ሌባ ሳይነካው ከሚያድርበት።

ላኪዎቼ ታምሲንና ጃሬድ፣ የስምንት ዓመት ተከራዮች፣
በአሥራ አንድ ጨረታ እጅ አውጥተው ተሸናፊዎች።
«መጥፎ ነገር ካለ ንገረን» አለችኝ በስልክ፤
ቀጥላ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፦ «ግን ብዙ አትፈልግ።»

ሻጯ ኖሊን ናት፣ ሰማንያ አራት ዓመቷ፣
ምርኩዟ በግራ እጇ፣ ቁልፏ ከነክሩ ካንገቷ።
«የዳሪል ልጅ አይደለህ? አገጭህ ያስታውቃል፤
የአባትህ የወተት ጠርሙስ ዛሬም ጆሮዬ ላይ ያቃጭላል።
እዚሁ ነህ አሁንም?» «አይ» አልኳት፣ «ሩቅ ነኝ፤
የተወለድሁበት መንደር ዋጋው ናረብኝ።»

በሩቅ አገር፣ ድሮ፣ ጨው ገንዘብ ነበር ይላሉ፤
አሞሌ በአህያ ጭነው ገበያ ይዘልቁ ነበር አሉ።
እዚህ ነገሩ ተገልብጦ ጨው ገንዘቡን ይልሳል፣
ካፈር በጡቡ ሽቅብ ወጥቶ ልስኑን ያፈርሳል።
«ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ» ቢሉት፣
እሱ ድንጋዩን በላው፣ እነሱ ቆመው ሲያዩት።

ገባሁ። ምስጥ የለም። ምሰሶው ደረቅ ነው።
የምዕራቡ ግንብ ግን እስከ ጉልበት ጨው ነው።
ከሦስተኛው ምሰሶ ጀርባ መብራቴ አንድ ነገር ላይ አረፈ፤
የብስኩት ጣሳ፣ ክዳኑ የዛገ።
ሰባት ብይ፣ አንድ የዓሣ መንጠቆ፣
በእርሳስ የተጻፈበት የካርቶን ቁራጭ፦
«የኛ ቤት። መግባት የሚችሉ፦ ግሬም፣ ጁዲ፣ ውሻው።
ኪራይ፦ በሳምንት ሁለት ብይ።»
በቅጼ ላይ ለዚህ የሚሆን ሣጥን የለም።
ክዳኑን ገጥሜ እዚያው መለስሁት።

ስወጣ ኖሊን ውኃ ይዛ ጠበቀችኝ። «ንገረኝ፣ ከኔ ይቆያል?»
«አንድ ጎኑ ታሟል፤ የቀረው ገና ይኖራል።»
«እንደኔው ነዋ» ብላ የግራ ጉልበቷን መታች።
ግሬም ማነው? ልላት ነበር። ኮሪደሩን ሳልፍ ግን
ፎቶዎቹን አየሁ፤ ጁዲ በጥርስ ማቅኛ ብረት፣ ጁዲ በሠርግ ቀሚስ፣ ጁዲ ከልጆቿ ጋር፤
ግሬም ግን አንዴ ብቻ፣ አሥር ዓመት ቢሆነው፣
ጸጉሩ እርጥብ፣ ከበስተኋላው ባሕር።
ውኃውን ጠጥቼ አመስግኜ ወጣሁ።

ቅዳሜ ጎረቤቱ ውሻውን አስከትሎ ወጣ፤
ግማሹ ሊገዛ አይደለም፣ የራሱ ቤት ስንት እንደሚያወጣ
ሊሰማ ነው የመጣ።
አጫራጩ ጮኸ፣ ክንዱን እንደ ሸራ ዘርግቶ፤
አንዱ በስልክ ሲጨምር ታምሲን ስትጨምር፣ ጃሬድ አንገቱን ደፍቶ።
«አንድ ጊዜ! ሁለት ጊዜ!» መዶሻው ወረደ፤
የሠላሳ ዓመት ዕዳ ባንድ ምት ተወለደ።
ታምሲን አልጮኸችም። የመንገዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ
ጫማዋን አውልቃ አሸዋውን አራገፈች፣ ቀስ ብላ።
የአሥራ ሰባት ቁጥር መጋረጃ አንዴ ተነቃነቀ።

በሳምንቱ ደወለች። «የምዕራቡን ግንብ አንብበነዋል፤
ሌላስ? ያልጻፍኸው ነገር ከሥር ይኖር ይሆን?»
«ሁሉንም ጽፌያለሁ» አልኳት።
መንታዎቹ ገና አራት ዓመታቸው ነው፤
በሆድ ተስቦ እዚያ ለመድረስ
ጥቂት ክረምት ይቀራቸዋል።